የካታሩ ክር

ዝገት ጠላቴ ነው። አያቴም አባቴም እዚህ ሕንድ አገር የራጃስታንን መሳፍንት ጎራዴ ሲወለውሉ ኖረው ሞቱ፤ እኔ ናቱ ደግሞ የሙዚየሙን እወለውላለሁ። ባለፈው ወር አንድ ካታር ሰጡኝ፤ በጭብጥ ተይዞ የሚወጋበት አጭር ጩቤ ነው። እጀታው ላይ እድፍ የጠጣ ክር ተተብትቦበታል። "የማን ዝርክርክ ነው ይሄ!" ብዬ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። ብረቱንም ፊት እስኪያሳይ ወለወልኩት። አለቃዬ አመሰገነኝ።

ትናንት ጠዋት ሳያር ካንዋር የሚባሉ አሮጊት የፈቃድ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ካታሩ ያለበት የመስታወት ሣጥን እንዲከፈትላቸው ስድስት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

"እማማ፣ ለዚች ብረት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የለፉት?" አልኳቸው ለጨዋታ ያህል።

"ብረት አትበል አንተ! ባሌ ነው።"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የሠርጋቸው ቀን ሙሽራው ጦር ሜዳ ነበር፤ ፈቃድ ከለከሉት። እንደ ወጋችን ካታሩን በእሱ ፈንታ ላከ፤ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሙሽራም ካታሩን ይዛ ጋብቻ የሚታሰርበትን እሳት ዞረች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሙሽራው መርዶ መጣ። ካታሩን ወንድምየው ለሙዚየም ሰጠው።

"መልኩን እንኳን አላውቀውም" አሉኝ።

በእኛ ዘንድ ሙሽሮች እጃቸው ላይ ክር ይታሰራል። ከሠርጉ በኋላ እሱ የእሷን፣ እሷ የእሱን ትፈታለች። የባልና ሚስት የመጀመሪያ ጨዋታቸው እሱ ነው።

"የእኔን የመርዶው ቀን ሴቶቹ አምባሬን ሲሰብሩ አብረው በጠሱት" አሉ። "የሱ ግን በእጁ ፈንታ የታሰረበት እጀታ ላይ አለ። ሰባት ቋጠሮ ነው። ጣቶቼ ጨርሰው ሳይደርቁ ልፍታለት ብዬ ነው።"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን አይለቀምም።

"እማማ፣ ዛሬ እንኳን ይቅርብን..."

"ክፈት አልኩህ።"

ከፈትኩ። እንደ አዲስ ሙሽራ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና እጀታውን ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ።

"ማነው የፈታው?"

"አልተፈታም፣ እማማ። ቆረጥኩት። እኔ ነኝ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ካታሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ክሩ የነበረበትን ቦታ በጣቶቻቸው እየነካኩ፣ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ሄዱ።

እንባቸው ስለቱ ላይ ቀርቷል። አለቃዬ "ቶሎ ጥረገው፣ ይዝጋል" አለኝ።

ይዝግ። እኔ አልነካውም።