ዕፀ ፋሪስ ስንል

፩

ወንድሜን ላልያዘው ነገር እያከሙት ነው። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።

፪

ኢዮስያስ ክሊኒኩ አልጋ ላይ ተቀምጦ ከአየር ላይ ክር ይለቅማል። ክር የለም። ከሞተ የቆየውን አጎታችንን "ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ" ይለዋል። ወንበርም የለም።

ጓደኛው አንሙት በስልክ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ዕፀ ፋሪስ ጠጥቶ ነው።" እኔም ለዶክተር ፈቲያ እንዳለ አቀበልኳት። ካርዱ ላይ "ካናቢስ" ብላ ጻፈች። ዜና ላይ "ዕፀ ፋሪስ ተያዘ" ሲባል ሁላችንም የሚገባን ይኸው ነው።

"ይተኛ፤ ይለቀዋል" አለች።

አልተኛም።

፫

የማውቀው (የተማርኩት እፅዋት ነው፤ ጥቅሙን አሁን እናያለን)፦

ሳቲቫ። ረጅም፣ ቅጠለ ቀጭን። ያነቃል ይባላል።

ኢንዲካ። አጭር፣ ቅጠለ ሰፊ። ያስተኛል ይባላል።

ድቅል። ሁሉም ነገር ይባልለታል።

"ይባላል" የምትለዋን ልብ በሉ። ቅጠል አይቶ ውጤቱን መናገር አይቻልም፤ ወሳኙ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገርና መጠኑ ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ደፍኛለሁ።

ዛሬ ግን ኮሪደር ላይ ቆሜ "ሳቲቫ ቢሆን ነው፣ ለዚህ ነው የማይተኛው" እላለሁ። ለራሴ። ደጋግሜ።

፬

እናንተ ግን ዓይኑን እዩ። ካናቢስ የወሰደ ሰው ዓይኑ ይቀላል። ይርበዋል። ጊዜ ይረዝምበታል። አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይሮጣል።

የኢዮስያስ አፍ ደርቋል። ልቡ ይሮጣል።

ዓይኑ ግን

ጥቁር

ነው። ብሌኑ ሰፍቶ ቡናማውን ውጦታል። የስልኬን መብራት ሳበራበት አይጠብም። ቆዳው እሳት ነው። ላብ የለውም።

፭

"ዶክተር፣ እንዲህ የሚያደርገው የትኛው ዝርያ ነው?"

"እንደ ሰውየው ይለያያል።"

ጥያቄዬ የማይረባ፣ መልሷም የማይረባ። ልጁ ክሩን መልቀሙን ቀጥሏል።

፮

አንሙት ደረሰ። ከመግባቱ በፊት ፖሊስ መኖር አለመኖሩን አየ።

እኔ፦ ከማን ነው የገዛችሁት?

አንሙት፦ ምን ግዢ አለው? ነቅዬ ነው እንጂ። ከቆሻሻው ገንዳ ጀርባ።

እኔ፦ ሐሺሽ ከገንዳ ጀርባ?

አንሙት፦ የምን ሐሺሽ! በማርያም፣ እህቴ፣ እኔ ሐሺሽ በዓይኔም አላየሁ። ዕፀ ፋሪስ ነው ያልኩሽ!

ዶክተር፦ ያው አይደል እንዴ፣ አንተ?

አንሙት፦ ምኑ ነው ያው? ልታሳስሩኝ ነው? ኢዮስያስ "ዕፀ ፋሪስ ታውቃለህ ወይ?" አለኝ። "እንዴት አላውቅም፣ ቢቸና ሙሉ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። "ገበሬው ጉድ ነህ" አለኝ። አፍልቶ ጠጣ።

እኔ፦ አበባው ምን ዓይነት ነው?

አንሙት፦ ነጭ። ጡሩምባ የሚመስል። ፍሬው እሾሃም።

እኔ፦ ሌላ ስምስ አለው?

አንሙት፦ አስተናግርም ይሉታል እኛ አገር። የጠጣ ይለፈልፋላ።

፯

አስተናግር።

፰

ሌላ ተክል ነው። ከካናቢስ ጋር ዝምድና የለውም። መርዝ ነው።

ወንድሜ በዜናው አማርኛ ጠየቀ፣ አንሙት በቢቸና አማርኛ መለሰ። ማንም አልዋሸም። እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ ዝርያ እመርጣለሁ።

ዶክተር ፈቲያ ካርዱን ለማረም እንኳ አልቆመችም። "በረዶ አምጡ! አምቡላንስ ጥሩ!" እያለች ወደ ክፍሉ ሮጠች። በሩ ላይ ዞር አለች።

"መቼ ነው የጠጣው?"

"ጠዋት" አለ አንሙት።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

፱

"እህቴ፣ ሐሺሽ ቢሆን ይሻል ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ሐሺሽ አይደለም ስልሽ ደስ የሚልሽ መስሎኝ…"

"አንሙት፣ ዝም በል።"

ከበሩ ወዲያ የኢዮስያስ ድምፅ ይሰማል። አጎታችንን ምሳ ይብሉ እያለ ይለምናል። ይለፍልፍ። እየለፈለፈ እስካለ ድረስ አለ።

አምቡላንሱ አልመጣም።

ልፍለፋው ቆመ።

፲

ዶክተር ፈቲያ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ እጀታውን ይዛ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣

በቀስታ።

፲፩

የሚነቃ ሰው የለም።