የሚፈታው መገጣጠሚያ

ብዙ ዓመት ውጭ ኖሮ አገሩ የገባ ሰው ተመለሰ የሚባለው መቼ ነው? ሮባ ይህን ራሱን ይጠይቅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጉተማ ስለ እሱ ለጎረቤት ሲያወራ “መጥቷል” ይላል፤ “ተመልሷል” ብሎ አያውቅም። ሮባ ትምህርቱን ጨርሶ ከኖርዌይ አምቦ ከገባ ወዲህ ከወንድሙ አፍ የሚጠብቀው ይህችን አንዲት ቃል ነበር።

ስለዚህ ጉተማ፣ “ጓሮ ለሠራኸው ቤት ውሃውን ከእኔ መስመር ቀጥል” ሲለው ነገሩ ከውሃ በላይ ሆነበት። መስመሩ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ያስገቡት የብረት ቧንቧ ነው። በሮባ አዲስ ቤት የተዘረጋው ደግሞ ፕላስቲክ ነው።

የቧንቧ ሠራተኛው ተሬፋ ከጉደር መጣ። ሥራውን ከወሬው የማያስቀድም ሰው ነው።

“ኦቦ ሮባ፣” አለ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ “ብረትና ፕላስቲክ ጠባያቸው አይገጥምም። ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። ብረቱ ግድም የለው።”

“ታዲያ እንዴት አብረው ይኖራሉ?”

“መሃላቸው ነሐስ ያለው መገጣጠሚያ እናስገባለን። ነሐሱ ከብረቱ ጋር ይጠመዘዛል፣ በወዲያ በኩል ፕላስቲክ ከፕላስቲክ በሙቀት ይጣበቃል። ነሐሱን ሽማግሌያቸው ነው በለው።” ከዚያ ቀና አለ። “ድፍን ላድርገው ወይስ ዩኒየን?”

የጉተማ ሚስት እንቁ ልብስ እያሰጣች ሰማችው። “ዩኒየን? ማዳበሪያ መጣ እንዴ?”

“ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውን የገበሬ ማኅበር አይደለም እቴ። ይሄኛው የሚፈታ መገጣጠሚያ ነው። ቧንቧው ሳይቆረጥ በመፍቻ ትለያዪዋለሽ።”

“ማዳበሪያ ከሌለው ምን ያደርጋል” ብላ ሳቀች።

“የሚፈታውን አድርግልኝ” አለ ሮባ።

ሳያስብ ነበር ያለው። ለጥገና ይመቻል፣ ያ እውነት ነው። ግን በኖረባቸው ከተሞች ሁሉ የቤት ኪራይ ውል ሲፈርም አስቀድሞ የሚያነበው ስለ መልቀቅ የሚለውን አንቀጽ እንደነበር ትዝ አለው። ከመጣ ወዲህም ከመጻሕፍት ሣጥኖቹ ግማሹን አልከፈተም።

ተሬፋ በብረቱ ጥርስ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ፣ ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ እየተጠነቀቀ ገጠመው። ውሃው ሲለቀቅ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ጉተማ ከጎጆ ከተማ ድንች የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። አመሻሹ ላይ ሲገባ እንቁ የዩኒየኑን ጨዋታ አወራችለት። እሱ አልሳቀም። ጓሮ ሄዶ መገጣጠሚያውን ጎንበስ ብሎ አየው።

“ለምን የሚፈታ?”

“ቢበላሽ ለመጠገን ነዋ፣ ጋሼ።”

“አባባ ያስገቡት መፍቻ ነክቶት አያውቅም።”

“ዝጎ ተጣብቆ እኮ ነው” አለ ሮባ፣ ለጨዋታ ብሎ።

“ዝጎም ቢሆን ይዟል።” ጉተማ ቀና አለ። “ሰው በሠርጉ ቀን ስለ ፍቺ አያወራም። አንተ ሳትገባ መውጫህን አሰናዳህ።”

ሮባ ይህ ሐሰት ነው ለማለት እርግጠኛ አልነበረም። በማግስቱ ጉተማ ሳይሰናበተው ወደ ጎጆ ወጣ። ውሃውን ግን አልዘጋበትም። ሮባን ይበልጥ የከበደው ይህ አለመዝጋቱ ነው።

ተሬፋን አስጠርቶ በድፍን እንዲለውጠው ለመነው።

“የማያፈስ ነገር ምን ያስነካካናል? ብረቱ አርጅቷል። አሁን ደግመን ብንጠመዝዘው ይሰነጠቅና ሁለታችሁም ያለ ውሃ ትቀራላችሁ።” ተሬፋ ቀና ብሎ አየው። “ተጣላችሁ እንዴ?”

“አልተጣላንም።”

“ኧረ ብትጣሉ ይሻል ነበር። ለጠብ ሽማግሌ አይጠፋም።”

ሮባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። ለጉተማ መልእክት በአማርኛ ጀመረ፤ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ መሰለውና አጠፋው። በኦሮምኛ፣ እናታቸው በምታናግራቸው ቋንቋ ጻፈው።

“ወንድሜ፣ የሚፈታውን ያስገጠምኩት ልሄድ አስቤ አይደለም። ለመቆየት ቆርጬም አልነበረም። ያልከው ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። አሁን ግን መቆየት እፈልጋለሁ። አንተ ዘንድ ቦታ ካለኝ ንገረኝ።”

ላከው።

ጉተማ ድንቹን አራግፎ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት “አካም ቡልቴ” ይለዋል፤ ሮባም እንደ ወጉ ይመልሳል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎጆ መንገድ መበላሸት ያወራሉ። ጉተማ መልእክቱን ሁለቴ ደጋግሞ ሲያነብ እንዳየችው እንቁ ለሮባ ነግራዋለች። መልስ ግን አልጻፈለትም። ለጎረቤት ሲያወራም አሁንም “መጥቷል” ነው የሚለው።