እርጥብ ስንዴ

ደግሞስ ስሟን መቼ ጻፈ፣ «የመጋዘን ሠራተኛዋ» ብቻ ነው ያለው፣ ስም አይጠራ ያሉትም አሠልጣኙ ጓድ መሸሻ ናቸው፣ እያንዳንዱ ኃላፊ ከእርሻው ወይ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ችግር ጽፎ ያምጣ፣ ጓዶቹ ይፍረዱ፣ የሥራ አመራር ማለት ይኸው ነው። የመንግሥት እርሻ ኃላፊው ሙለታ ወደ ጎባ ለሥልጠና ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አዳራሹ ይበርዳል፣ ካፖርቱን አላወለቀም፣ ግን ብብቱ ላብ ነው፣ ጓድ መሸሻ ወረቀቱን ያነቡታል፣ በእሳቸው ድምፅ ሲሰማው እውነት ይመስላል፣ አምስት መቶ ኩንታል ስንዴ በሠራተኛዋ ቸልተኝነት ሻገተ።

ቸልተኝነት።

ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ጁሀራ ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ከታ፣ ኦቦ ሙለታ፣ ወላሂ ይሄ እህል ይተኩሳል፣ እጅዎን ይክተቱና ይዩት፣ እሱ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚ፣ ሰኞ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ፣ ዕቅዱ መቶ በመቶ መድረስ አለበት። ከአጨዳው በፊት ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የእርሻው ሽማግሌ ሠራተኛ አሊዪ አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ይኼ ገና ነው፣ ሲደርስ ቀጭ ይላል፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው አሉ፣ ማን ሰማቸው።

ጠላ ልትጠምቅ ኖሯል እንዴ ሴትዮዋ፣ ይላል የኅብረት ሱቁ ጉተማ፣ ብቅል እኮ ነው ያደረገችው፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ሙለታም ይስቃል፣ ጥርሱ ብቻ፣ ጁሀራና ጠላ፣ በአፏ ዞሮ የማያውቅ፣ የሮቤ ሰው ቢሰማ ምን ይላል፣ አራት ልጆች፣ ባሏ ዘማች፣ ደብዳቤ ከመጣ ዓመት አልፎታል።

ከሥራ ትሰናበት የምትሉ፣ ይላሉ ጓድ መሸሻ፣ ውሳኔያችሁ ለእርሻው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይላካል፣ ለሐሙሱ ስብሰባ ይደርሳል። ይላካል? ይህን መቼ ተናገሩ፣ ልምምድ ነው አላሉም ነበር፣ እጆች ይነሣሉ፣ እጅ በእጅ ላይ፣ ጎኑ የተቀመጠው ጉተማ ሁለቱንም አንሥቷል፣ ለቀልድ። የሙለታ እጅ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። ያንሣው፣ ምን አለበት፣ ዝም ቢልስ፣ ዝም ያለ ሰው ምን ይሆናል፣ ያልተናገረ አልታሰረም፣ እውነቱን የተናገረስ? «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚሏት ቃል አለች፣ ለሷ ከሥራ መባረር የሆነው ለሱ እስር ነው፣ ከዚያም የከፋ፣ እሱም ልጆች አሉት፣ እሱም፣ እሷ ግን አይታው ነበር፣ ስትፈርም ቀና ብላ አይታዋለች፣ አልተቆጣችም፣ ያ ነው የከፋው።

የባለጉዳዩ እጅስ፣ ጓድ ሙለታ?

ይነሣል። እጁ ሳይሆን ራሱ፣ ወንበሩ ይንቋቋል።

ጽሑፉ አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል፣ ስንዴው ሳይደርቅ ይታጨድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፈርሚ ያልኳትም እኔ፣ ስሟ ጁሀራ ነው።

የሚስቅ የለም። ጉተማ እጆቹን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ወንበሩንም ትንሽ ራቅ ያደርጋል። ጓድ መሸሻ መነጽራቸውን ያስተካክሉና አዲስ ወረቀት ይስባሉ።

በዝግታ ይድገሙልኝ፣ ይላሉ፣ ልጻፈው።

በዝግታ ይደግመዋል።