ሳትቀመጥ ያለፈችው

ኤርሲሊያ ከጉዟቸው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የምታየው ባሕሩን ሳይሆን የባሏን ጀርባ ነበር። ባቺቻ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በወይራና በወይን እርከኖች መካከል ሽቅብ ሲወጣ፣ እሷ ከኋላው ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሸሚዙ በላብ ሲርስ ትደነግጣለች፤ ሳይርስ ሲቀርም ትደነግጣለች።

«ክኒኑን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«የጠዋቱን ነው የምልህ።»

«የጠዋቱንም የማታውንም ውጫለሁ። ያንቺ ድርሻ ካለ አምጪው።»

ላያቸው ሰው ባልና ሚስት ለዕረፍት ወጥተው የባሕር ዳር መንደሮችን በእግር የሚዞሩ ነበሩ። ደግሞም ናቸው። ነገር ግን ከዕረፍቱ ጋር ሌላ ነገር ተያይዟል። ባቺቻ ልቡን ከታመመ ወዲህ የሚኖሩት ጄኖቫ ከተማ፣ ልጃቸው ኦርኔላ ዘንድ ነው። ቪላሪና በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ያለው የገዛ ቤታቸው ተዘግቶ ተቀምጧል። እዚያ መኪና አይገባም፤ ከወደቡ እስከ ደጃፋቸው ድረስ ሁሉም ደረጃ ነው። ኦርኔላ ለቤቱ ገዢ አግኝታለች። «አባዬ መንደሮቹን በእግሩ ዞሮ ቤታችሁ ድረስ ከወጣ ግን አይሸጥም፤ እዚያው ትኖራላችሁ» ብላ ቃል ገባች። ባቺቻ የዚያኑ ዕለት ጫማውን ቀባ። ኤርሲሊያ በበኩሏ ቢያቅተው ትመርጥ ነበር። አሳንሰር ያለበትን ቤት ትቶ ወደ ገደል የሚመለስ ሽማግሌ ምን ይባላል?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንደሮች በደህና አለፏቸው። ባንዱ ባቺቻ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር መረብ እንዴት እንደሚጠገን ሲከራከር ዋለ። በሌላው፣ ነፋስ እንዳይመታው ብላ ሹራብ ላይ ሹራብ አስደረበችው፤ የመንደሩ ሴቶችም ሳቁባት። የቀረው ቪላሪና ነበር።

በቪላሪና ደረጃ ላይ መሐል መሐል ሰፋፊ የማረፊያ ድንጋዮች አሉ። ድሮ ወይን በቅርጫት የሚሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ያሳርፉባቸው ነበር። ዛሬም የመንደሩ ሰው ባይደክመው እንኳ አረፍ ሳይል አያልፋቸውም። አልፏቸው የሚሮጥ ካለ፣ ወይ ሐኪም ወይ ቄስ ሊጠራ ነው።

ባቺቻ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አልነሳ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ትንሽ ዞረብኝ።»

የውኃውን ጠርሙስ ብታነሳው ባዶ ነው። ኤርሲሊያ ሌላ ነገር አላሰበችም። ጠርሙሱን ይዛ ወደ ላይኛው ምንጭ ወጣች፤ ሁለተኛውን ድንጋይ አለፈች፣ ሦስተኛውንም አለፈች። የከተማ ኑሮ ወጉን አስረስቷታል። የጎረቤቷን የቴክላን መስኮት ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ጠርሙሱን ሞልታ ስትመለስ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ሁለት ወንዶች አንድ የቤት በር ከማጠፊያው ነቅለው ለቃሬዛ ይዘው ይወርዳሉ። ቄሱ ቀሚሳቸውን እየቆለፉ ይከተላሉ። ኤርሲሊያ ግድግዳ ይዛ ወረደች።

ባቺቻ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በዘይት የራሰ ዳቦ እያላመጠ ነበር። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ቴክላ የእጁን የደም ሥር ይዛለች።

«ልቡ ከኔ ይሻላል» አለች። «ይሄ ሰው ርቦት ነው። ጠዋት ምን በላህ?»

«ጨው ተከለከልኩ፣ ቅባት ተከለከልኩ። የተፈቀደልኝን አየር ስበላ ዋልኩ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቴክላ ወደ ኤርሲሊያ ዞረች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ድንጋይ ሳትቀመጪ አልፈሽ ስትሄጂ አይቼ ባቺቻ አለቀለት ብዬ ነው የጮኽኩት። ወጤ አርሯል፤ ያረረውን አንቺ ነሽ የምትበይው።»

«በሩን ደግሞ የሚገጥምልኝ ማን ነው?» አለ አንደኛው ተሸካሚ። «ድመቷ ገብታ ዓሣውን ሳትጨርሰው።»

ኤርሲሊያ አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ክረምት ጄኖቫ ውስጥ ባቺቻ አሳንሰሩ ደጃፍ ላይ ሲወድቅ፣ የጎረቤቶቹን በሮች አንድ በአንድ አንኳኩታ ነበር። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የከፈተላት ግን አልነበረም። እዚህ ማንንም አልጠራችም። ድስታቸውን ጥለው፣ በራቸውን ነቅለው መጡ።

መንደርተኞቹ አብረዋቸው ወጡ። እየተቀመጡ፣ እየተቃለዱ፣ ቀስ ብለው። ባቺቻ ቤቱን በገዛ እጁ ከፈተ። ኤርሲሊያ መስኮቱን እየከፈተች ለልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ወጣ?»

«ወጥቷል።»

«ሳያርፍ?»

«አርፎ ነው እንጂ። እዚህ ማን ሳያርፍ ይወጣል?»

«ታዲያ ገዢውን ምን ልበለው?»

ባቺቻ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ኤርሲሊያ አየችው፤ ጉንጩ ላይ ቀለም ተመልሷል።

«ሌላ ቤት ይፈልግ በይው» አለች። «ስሚ ደግሞ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ላኪልን፤ ፍራሹ ረጥቧል። የአባትሽን የሱፍ ካልሲዎችም። መድኃኒቱን እንዳትረሺ። ደግሞ ደረጃው ያዳልጣልና፣ ስትመጪ ያንን ተረከዙ ረጅሙን ጫማ እንዳታደርጊ።»