የማናለብሽ ተራ

"ዳቦውን እዚያው አኑሪው፤ ዛሬ ባንቺ ፋንታ ተረኛው እኔ ነኝ" አለና አበጀ የደጀ ሰላሙን በር በትከሻው ሞላው።

ማናለብሽ ሌማቱን ከራሷ አላወረደችም። ከጀማ ቆላ ተነስታ፣ ጥልያን የመሸገበትን ጋራ በጎን ዞራ፣ ገደሉን በእጅ በእግሯ ቧጥጣ የመጣችው የሰንበቴ ዳቦ ደጅ ላይ ልታኖር አልነበረም።

ማናለብሽ የመርሐቤቴ ልጅ ናት። ወሰኔን አግብታ መንዝ ስትገባ የደብሩ ሰዎች በራሷ ስም የቤት ቦታና ጓሮ ሰጥተው ሰንበቴያቸው ውስጥ አስገቧት። ደንቡ ግን ለመጤ ጠንከር ይላል፤ ተራው ደርሶ ካልደገሰ ወይም አገሩን ጥሎ ከሄደ፣ ቦታው ለአዋሳኙ ይሰጣል። ወሰኔ ጠመንጃውን ይዞ ለአርበኝነት ወደ ጀማ ቆላ፣ ወደ እሷ የትውልድ አገር ሲወርድ እሷም ተከተለችው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ጥልያን አገሩን ሲበትነው አዋሳኟ አበጀ ዓይኑን ጓሮዋ ላይ ጣለ። መቼም ጓሮው ያስጎመጃል።

"አትቀየሚኝ እህቴ" አለ አበጀ፤ "አንቺ ወደ አገርሽ ተመልሰሻል። ላንድ ቀን ዳቦ ተሸክሞ ብቅ ማለት መኖር አይደለም። የቤቱን ቁልፍ ስጪኝና በሰላም እንለያይ።"

ጦርነቱ ሲያልፍ ማናለብሽ ከዚያ ቤት በቀር የኔ የምትለው መመለሻ የላትም። ከአበጀ ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ የሰንበቴውን ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩትን ሽማግሌ መምሬ መርስዔ ኃዘንን ተጣራች።

"መምሬ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። የወሰኔ ርስት ፈርሷል?"

"ወሰኔማ የአገር ልጅ ነው" አሉ መምሬ ከውስጥ፤ "የትም ቢከርም ርስቱ አይፈርስም።"

"እኔስ የት ነበርኩ? ስንቁን ስፈጭ፣ ቁስሉን ሳጥብ፣ ከጎኑ ነበርኩ። እሱ አገሩን ካልለቀቀ፣ እኔ በየት በኩል ለቀቅሁ?"

መምሬ ጢማቸውን እያሻሹ ተነሱ።

"እውነቷን ነው። ከአገር ልጅ ጋር የከረመች፣ አገሯ እንደከረመች ትቆጠራለች። ተራዋንም አላጎደለች። አበጀ፣ ዞር በል፤ ዳቦዋ ይግባ።"

"የኔስ ዳቦ?" አለ አበጀ።

"እሱንም እንበላዋለን፤ ከሷ ቀጥሎ" አሉ መምሬ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ተበላ፣ ተጠጣ። ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ የሚያልፍበት ሰዓት ደረሰ። ቀጣዩ ተረኛ ማን ሆነና? አበጀ! ተቀባይ ደግሞ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሰጪው እጅ ነው የሚቀበል። ከማናለብሽ እጅ መቀበል፣ የደብሩ ሰው መሆኗን በጉባኤ ፊት ማመን ነው። አበጀ ግራ ቀኙን ቃኘ። የሰንበቴ ጽዋ አልቀበልም አይባል ነገር! ተንበረከከ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ማናለብሽ ጽዋውን ስትሰጠው ደስታዋ ፊቷን ሞልቶ እንባ ሆኖ ወረደ።

ስትወጣ አበጀ ተከተላት። "ቁልፉን እኔ ላኑርልሽ እንዴ? ክረምት እየመጣ ነው፤ ጣራው ቢያፈስስ..."

ማናለብሽ ባንገቷ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አውጥታ አየችው፤ መልሳም ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው።

"ካፈሰሰ ላዩ ላይ ወጥተህ ትከድነዋለህ። ጎረቤቴ አይደለህ?" አለችው። ባዶ ሌማቷን አንስታም ወደ ቆላው፣ ወደ ባሏ ወረደች።