በሁለት ጣት የጠበበ አንገት

ልብስ ሰፊዋ ውሃ መፍራት የጀመረችው በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት በግልጽ የምትፈራው ነገር ቢኖር ሰርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው "ትንሽ ወፍሬያለሁ መሰለኝ" እያለች የምትመጣ ሙሽራ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ደረቷ ላይ ገመድ ተለጣጥፎባት፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ እንደ አባቷ ልትሞት ነው።

አባቷም ልብስ ሰፊ ነበር። ዛሬ እሷ በምትሠራበት ሱቅ፣ ዛሬ እሷ በምትረግጠው የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ የኮሌታውን ቁልፍ ፈታና "አንገቴን ያዘኝ" አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። የለበሰው ሸሚዝ እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብቻዋን የሰፋችው ነበር። ልብ ነው አሉ። እሷ ብታምናቸው ልቧን ትፈራለች፣ ባታምናቸው ኮሌታውን የሰፋ እጇን። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም እያፈራረቀች ስትፈራ ኖራለች። ለሸሚዝ ኮሌታ ሁልጊዜ አንድ ጣት ትርፍ የምትተወው ለዚህ ነው፤ ደንበኞቿ ግን ስስታም ባለመሆኗ ይመስላቸዋል።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረችው ታናሿ ሚጣ ትባላለች። ዛሬ ሚጣ ከእህቷ በአንድ ራስ ትረዝማለች፤ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ክፍል ስትገባ ስድሳ ልጅ ጸጥ ይላል። ቤት ውስጥ ግን አሁንም ሚጣ ናት። ስለዚያ ቀን ሁለቱ አንድም ጊዜ አውርተው አያውቁም። ትልቋ ታናሿን ላለማስፈራራት ዝም አለች፤ ታናሿ ለምን ዝም እንዳለች ግን የጠየቃት የለም።

ትሪያትሎን የሚሉትን ጣጣ ያመጣችውም ሚጣ ናት። መጀመሪያ ዋና፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ፣ መሀል ላይ እረፍት ብሎ ነገር የለም። "እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ልትጎብጪ ነው፤ ነይ አብረን እንሞክር" አለቻት። ሰፊዋ ለይሉኝታ ጀመረችና ሳታውቀው ሱስ ሆነባት። ዓመት ሙሉ ለፍተው ውድድሩ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ጉዱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሐይቁ ውስጥ ገብታ ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ ጉሮሮዋ ይያዛል። አየር ይገባል፣ ግን አይበቃትም። ልቧ እንደ ስፌት መኪናዋ ይንጣጣል፣ ዓይኗ ይጨልማል። እየተንፈራገጠች ትወጣና ለሚጣ "እግሬን ጅማት ያዘኝ" ብላ ትዋሻታለች። ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን አንገቷን ይዛ የደም ትርታዋን ትቆጥራለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ "የሰርግ ልብስ የምትለካ ደንበኛ አለችብኝ፣ አንቺ ወደ ሐይቁ ቀድመሽ ሂጂ" ብላ፣ በብስክሌቷ እዚህ መጣች።

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ሽማግሌ ነው፣ ቶሎ አይናገርም፤ የሐኪም ዝምታ ደግሞ ለሚፈራ ሰው ከመርዶ አይለይም።

"ሲሮጡ ይይዝዎታል?"

"አይ።"

"ብስክሌት ላይስ?"

"ዳገት ስወጣ እንኳ አይይዘኝም።"

"ውሃ ውስጥ ብቻ?"

"ውሃ ውስጥ ብቻ።"

"ልብዎ ደህና ነው" አለ ወረቀቱን እያስቀመጠ። "ከኔ ልብ ይሻላል። ለመሆኑ ምን ለብሰው ነው የሚዋኙት?"

"የጎማ ልብስ አለን፣ ለብርዱ። ሌላ ሰው የለበሰው ነው የገዛነው፤ ሰፍቶኝ ነበር፣ በልኬ አጥ..." ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

በልኳ አጥብባዋለች። ልክ ከሦስት ሳምንት በፊት። ቀዝቃዛ ውሃ ባንገቱ እየገባ ጀርባዋን ሲያንዘፈዝፋት ጊዜ፣ መስታወት ፊት ቀጥ ብላ ቆማ፣ አገጯን ሰብሰብ አድርጋ ለካችና አንድ ጣት ያህል ቆርጣ ሰፋችው። ኮሌታ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፤ ሸሚዝ አልመሰላትም። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም ነበር። ግን በሕይወቷ የለካችው ሰው ሁሉ መስታወት ፊት የቆመ ነው። በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ አየር ፍለጋ አፉን ከፍቶ የተለካ ደንበኛ ኖሯት አያውቅም።

ሳቋ መጣ። ካልሲዋን እየሳበች ሳለ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ።

የሚጣንም ትናንት አጥብባዋለች።

ሚጣ አልጠየቀቻትም። ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት ብላ፣ ስለምትሳሳላት፣ የራሷን በአንድ ጣት አጥብባ የእህቷን በሁለት ጣት አጠበበችው። ጠዋት በር ላይ አጣጥፋ ስትሰጣት ሚጣ ጉንጯን ስማ "እጅሽ ይባረክ" ብላት ሄዳለች። ብቻዋን።

ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው ዳር ላይ፣ ሚጣ ውሃ ውስጥ። ሐኪሙ ከኋላዋ የሚለውን ሳትሰማ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

እስከ ሐይቁ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። መብራት ጥሳ አለፈች፣ የጭነት መኪና ሹፌር እናቷን ጠርቶ ሰደባት፣ ጆሮዋ ውስጥ አልገባም። እጀታውን የጨበጡትን እጆቿን ልታያቸው አልፈለገችም። ገደልኳት፣ እሷንም ገደልኳት እያለች ረገጠች።

የሐይቁ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። "ብስክሌት ክልክል ነው እመቤት።"

"ይኸው፣ ይያዙልኝ" ብላ ገፍታ ሰጠችው። "አንዲት ረዥም ሴት አይተዋል?"

"ገብታለች። ስትወጣ እንኳ አላየሁም።"

በጠጠሩ ላይ ሮጠች። ዳር ላይ የሚጣ ቦርሳ፣ ፎጣ፣ ጎን ለጎን የተቀመጠ ነጠላ ጫማ። ራቅ ብሎ፣ ከሦስተኛው ቢጫ ተንሳፋፊ ኳስ አጠገብ፣ ቀይ የዋና ኮፍያዋ። አይንቀሳቀስም። ተጣራች። መልስ የለም።

ከነልብሷ ገባች። ውሃው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ጉሮሮዋ እስኪያዝ ጠበቀች፤ ሃምሳ ሜትር አለፈች፣ መቶ አለፈች፣ አልተያዘም። ይህ ሊያስደስታት ሲገባ ይብስ አስፈራት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተረጋገጠላት ማለት ነው።

ሚጣ ኳሱን በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። የዚፑ ገመድ ከጀርባዋ ነው፤ እሱን ለመሳብ አንድ እጇን መልቀቅ አለባት፣ አልደፈረችም።

"እትዬ" አለች፣ ድምጿ አልወጣ እያለ። "አባዬን የያዘው... ያዘኝ።"

ሰፊዋ ገመዱን ያዘችና ዚፑን እስከ ወገቧ ጎተተችው። ጎማው ተከፈተ። ሚጣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በረዥሙ ተነፈሰችና አሳላት፤ ከዚያ አለቀሰች። ሰፊዋ መዳፏን የእህቷ ጀርባ ላይ አድርጋ፣ እስትንፋሷ ገብቶ ሲወጣ እስክታምን ድረስ አላነሳችም።

"ልብሽ አይደለም" አለቻት። "ልብሱ ነው። ትናንት በሁለት ጣት አጠበብኩት። የኔንም ያጠበብኩት እኔው ነኝ፤ እግሬን ጅማት ያዘኝ ስልሽ የነበረው ውሸት ነው። እጄ ነው ሚጣ። የአባዬም..." ኳሱን ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ተያዩ።

"የአባዬ ምን?"

"ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ።"

ሚጣ ዓይኗን ጠረገች፤ እጇም ፊቷም እርጥብ ነውና ምንም አልጠረገችም።

"ያን ቀን እኔ ጠረጴዛው ሥር የሸሚዝ ቁልፍ ስደረድር ነበር" አለች። "ሁሉን አይቻለሁ። ኮሌታው አራት ጣት ያስገባ ነበር፣ እትዬ። ጠዋት ለኔ እጁን አስገብቶ አሳይቶኝ ስቋል። እህትሽ አንገቴን የበሬ አደረገችው፣ አደራ እንዳትነግሪያት፣ መጀመሪያዋ ነው፣ ታዝናለች አለኝ።"

ሰፊዋ አንድ እጇን ከኳሱ አንስታ አየችው።

"እንዳትነግሪያት ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት" አለች ሚጣ።