ሻምበል ያልነካው ሳህን

«ሻምበል፣ በሞቴ አንዴ ቅመስልኝ» አለችው።

ትልቋ ልጅ ጥቁር ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ከጓሮው በር ሥር ቁጭ ብላለች። አሮጌው ውሻ አገጩን መሬት ላይ ጥሎ ከፊቷ ተኝቷል፤ በመካከላቸው ሳህኑ አለ። ሳህኑ ውስጥ ያለው የተገኘ ፍርፋሪ እንዳይመስላችሁ። ደረቁን የከረጢት ምግብ ለብ ባለ ውሃ አርሳ፣ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት ቀቅላ፣ ዱባና ካሮት ጨምራ፣ ጨውና ሽንኩርት አጠገቡ ሳታደርስ ያሰናዳችው ነው። እሱም አልበቃ ብሏት በሚዛን መዝናዋለች። በለቅሶ ቤት ሚዛን ይዛ ጓዳ ስትገባ ያዩዋት አክስቷ፣ ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ የወጣ መስሏቸው ቀስ ብለው ተከትለዋት ነበር።

ሻምበል ሳህኑን አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ ከጀርባዋ ያለውን በር አየና ጭራውን አንዴ፣ ሁለቴ መሬት ላይ መታ። ዘወር ብላ አየች። ማንም የለም። ከበሩ ሥር የአባቷ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው ያለው፤ ደፍሮ ያነሳው ሰው የለም። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ውሻው እሷ የማታየውን ሰው ያያል።

በሚዛኑ አትፍረዱባት፤ እንጀራዋ ነው። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ የውሻና የድመት ምግብ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ደንበኛ ሲመጣ «ከረጢቱ ላይ ያለውን ቆንጆ ውሻ ተይውና ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ» የምትል እሷ ናት። መጀመሪያ የተጻፈው ሥጋ ካልሆነ መልሺው። አዲስ ምግብ በአንድ ቀን አትቀይሪበት፤ ከለመደው ጋር እየቀላቀልሽ ሳምንት ስጪው፣ አለዚያ ሆዱን ታበላሺዋለሽ። ትኩስ ካበሰልሽለት ደግሞ ከአንቺ ድስት አትጭለፊለት፣ ለብቻው ቀቅይለት። ስንቱን እምቢ ያለ ውሻ አስበልታለች! የገዛ አባቷ ውሻ ግን አፉን ዘጋባት።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው አሁንም ከፊት ለፊት ባለችው ክፍል፣ ግማሽ የተሰፋ እጅጌ እንደነከሰ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት እሱ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት የሻምበል ጆሮ ቀጥ ይላል። የመኪናው ድምፅ እንዳይሰማት እየፈራች እሷም አብራው ታዳምጣለች። ሰማሁ ብላ አትምልም፤ አልሰማሁም ብላም አትምልም።

ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ሻይ ይቀዳል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል፤ ቀጥሎ ስለ ኑሮ ውድነት ይንሾካሾካል። እናቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ወንበር ተነስታ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ግን ጉድ ሆነ። አንዲት ደግ ጎረቤት ውሻው አንጀቷን ቢበላት የበላችውን የዶሮ እግር አጥንት ጣለችለት። እናትየው ከወንበሯ እመር ብላ ተነሳች፤ ሰው እየገፈተረች ጓሮ ደረሰችና አጥንቱን ከሻምበል አፍንጫ ሥር መንጭቃ ወሰደችው። ቤቱ ሁሉ ክው አለ። ጎረቤቲቱ ይቅርታ ስትጠይቅ «እዚህ ቤት አጥንት አይጣልም» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ልጅቷ ነገሩን አላጤነችውም። የበሰለ አጥንት እንደሚሰነጠቅ፣ ስንጥሩ ሆድ እንደሚበሳ እሷ ራሷ ስትለፈልፍ ነው የኖረችው፤ እናቴ ከኔ ሰምታ ነው ብላ አለፈችው። ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ልቧ ያለው ስልኩ ላይ ነው።

አባቷ ከመሞቱ ከአራት ቀን በፊት ነበር የደወለችለት። ለአሮጌ ውሻ የሚሆን፣ ከሱቋ የተሻለውን ከረጢት ልካለት ነበርና እንዴት እየሰጠው እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ከተቀቀለ ሥጋ ጋር እያደባለቀ እንደሚሰጠው ነገራት። ልኩን ታዛባዋለህ ብላ ተቆጣች። እሱ ውሻው ደስ ብሎት እየበላ ነው አለ። አጥንትስ ትሰጠዋለህ እንዴ ስትለው ዝም አለ፤ ረጅም ዝምታ። ዝምታው ጥፋተኛ አስመሰለውና ያን ጊዜ ነው ያቺን ቃል የወረወረችው፦ «በር መዝጋት ያቃተው ሰው ስለ ውሻ ሊያስተምረኝ?» «እውነትሽን ነው» አላት፤ እሷም ቻው እንኳን ሳትለው ዘጋችው። አባትና ልጅ በዚህ ተለያዩ።

በሩ የቆየ ቂም ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ ዳማ የምትባል ቀይ ውሻ ነበረቻቸው፤ የቤቱ ትሁን እንጂ ነፍሷ ከልጅቷ ጋር ነበረች። አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳማ አልተቀበለቻትም። አባቷ ከመኪናው ቀና ሳይል «በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ፤ ዳማ ጠፋች» አላት። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ እየተጣራች ሰፈሩን አካለለች። ዓመት ሙሉ ከሩቅ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ እያለች ወደ መንገድ ትሮጥ ነበር። አባቷን ግን ይቅር አላለችውም። ካደገችም በኋላ በተጣሉ ቁጥር፣ ስለ ፈተናም ይሁን ስለ ባል፣ ያቺን በር ታነሳበታለች። አንድ ቀን እንኳ ተከራክሯት አያውቅም።

እንግዲህ አሁን የምትለምነው ውሻውን ብቻ አይደለም። ሻምበል ከበላላት፣ ወስዳው እስኪያረጅ ካኖረችው፣ ያቺን የመጨረሻ ቃል ከአባቷ ልብ የምታነሳለት ይመስላታል። ከሞተባት ግን ቃሉ እንደተሰነቀረ ይቀራል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን ነግራዋለች።

በአራተኛው ቀን ወንድሟ ጓሮ መጣ። ሹፌር ነው፤ ልቡ ቡቡ፣ አፉ ግን ፈጣን ነው። ውሻው ዓይኑ እያየ ሲደርቅ ማየት እንደማይችል፣ እስከ ነገ ማታ ካልበላ ሐኪም ጠርቶ በመርፌ እንደሚያሳርፈው ነገራት። «አንቺ የምትመግቢው እኮ ሻምበልን አይደለም» አላት በመጨረሻ። ሄዳ ሌላ ሳህን አሰናዳች። ዶሮውን በበሬ ጉበት ቀየረችው፤ ከረጢቱን ትታ ትኩሱን ብቻ አቀረበች፤ ቀጥሎ ትኩሱን ትታ ደረቁን ብቻ። ሻምበል ውሃውን ላስ ላስ አድርጎ በሩን ማየት ቀጠለ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ አባቷ ሱሪያቸውን ሲሰፋላቸው ነው ያረጁት። አጽናንተው፣ ሻይ ቀምሰው ሲያበቁ ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ጓሮ ወሰደቻቸው። ድዱን ገልጠው አዩ፣ ሆዱን ዳበሱ፣ ልቡን አዳመጡ።

«አሮጌ ነው እንጂ በሽታስ የለበትም» አሉ። «የሚጠብቀው ነገር አለ። ምን እንደሆነ ግን እኔ ልነግርሽ አልችልም። አባትሽ ለውሻ እንዲህ የሚጠነቀቀው እኮ ከዳማ ወዲህ ነው።»

«ዳማ ከጠፋች ወዲህ ማለትዎ ነው?»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «የት ጠፋች? እጄ ላይ ነው የሞተችው።»

ሐኪሙ የምታውቅ መስሏቸው ነበር። ከጀመሩ ወዲያ ማቆም አልቻሉምና ነገሯት። አባቷ ያን ሰኞ ዳማን ገና ባልተሰፋ የሰው ካፖርት ጠቅልሎ በደረቱ አቅፎ እየሮጠ መጣ። ሆዷን ከፈቱት፤ የዶሮ አጥንት ስንጥር አንጀቷን በስቶታል። አልደረሱላትም። «ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ አፌም መጥፎ ነበር። የበሰለ አጥንት የሰጣት የትኛው ደደብ ነው ብዬ ጮህኩበት። እኔ ነኝ አለኝ። ይኸው እስኪሞት ራሱን እንደወቀሰ ነው።»

ሐኪሙ የሚያወሩትን ከዚያ በኋላ አልሰማችም። የተሰማት የዳማ አፍንጫ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር፣ ባዶ ጉልበቷ ላይ፣ እርጥብና ሞቃት። እሁድ እሁድ ዶሮ ይሠራ ነበር። ሰው ሳያያት አጥንቱን ከሳህኗ እያነሳች ኪሷ ትከታለች፤ ሌላ ልብስ ቢኖራትም የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አላወልቅ ብላ በዓመት በዓሉም ትለብሰው ነበር። ከዚያ ጓሮ ወጥታ አንድ በአንድ ትሰጣታለች። ዳማ እንዴት ትወደው ነበር! የመጨረሻዋን እሁድ ያልሰጠቻት አጥንት አልነበረም። ያንን ሁሉ ደንበኛ ስታስጠነቅቅ ስትኖር ያቺን እሁድ አንድ ቀን እንኳ አስባት አታውቅም። ምን ብላ ታስብ? ዳማ በበር ወጥታ ነው የጠፋችው።

እናቷን ጓዳ አገኘቻት። ዛሬ ገና ለሥራ ከወንበሯ ተነስታ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

እናቷ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ብርጭቆውን አስቀመጠችና እጇን ጠረገች። ያን እሁድ ማታ የዩኒፎርሟን ኪስ በቅባት ተጨማልቆ አግኝታ ለአባቷ ነግራው እንደነበር፣ ዳማ የሞተች ማታ ልብሱን ነጥቋት ሄዶ በገዛ እጁ እንዳጠበው ነገረቻት። «ልንገራት ብለው ‹ስምንት ዓመቷ ነው፤ ይህን ተሸክማ አታድግም› አለኝ። ‹እኔን ብትጠላኝ ይሻላል፤ እኔ እችለዋለሁ› አለ። ደግሞስ አባትሽ በር ረስቶ ያውቃል? ማታ ማታ መርፌውን ቆጥሮ የሚነሳ ሰው?»

«ካደግኩ በኋላስ?»

«እሱንም ብዬዋለሁ። ‹አሁንማ ሥራዋ ሆነ፤ ምን ብዬ ልንገራት› ይለኛል።»

ልጅቷ ምድጃውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሐዘኑ እስከዛሬ ከደረቷ አልወርድ ብሎ ነበር፤ አሁን ወረደ። እያለቀሰች ስልክ ላይ ያለችውን ነገረቻት፣ ቃል በቃል። እናቷ አጠገቧ ዝቅ ብላ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

«እኔ አጠገቡ ነበርኩ እኮ። ስልኩን ሲያስቀምጥ እየሳቀ ነበር። ‹አጥንት ትሰጠዋለህ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት› ነው ያለኝ።»

ብዙ ቆዩ። ከሳሎን ሰው ተጣራ፤ ሁለቱም አልተነሱም። በኋላ እናቷ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና አለች። በምን አቀረብሽለት ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በማንኪያ አለች፤ እንደ ሱቁ፣ እጄን ሳላስነካ።

«ውይ፣ ሐዘኑ አደንዝዞኝ!» አለች እናቷ። «አባትሽ ሳህኑን ካስቀመጠ በኋላ እጁን ይከትበት ነበር። በየማለዳው፣ ሰው ሳይነሳ። ከሥር እስከ ላይ በጣቱ ይፈትሸዋል፣ የከረጢቱንም ሳይቀር። ከፋብሪካ በመጣ ምግብ ውስጥ አጥንት ከየት ይመጣል ስለው ‹እጄ ካላየው አላምነውም› ይላል። ሻምበል ከቡችላነቱ ጀምሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ያ እጅ ሳይወጣ አፉን አያስጠጋም።»

ጓሮ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ወንድሟ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቷን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከተተና መንገድ ለቀቀላት። ምግቡን እንደወትሮው ሠርታዋለች፦ የራሰ ደረቅ፣ ዶሮ፣ ዱባ። ሳህኑን አስቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበችና እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች።

ምግቡ ለብ ያለ ነው። ከሥር ጀመረች። እያንዳንዷን ፍሬ በሁለት ጣቷ እየዳመጠች፣ ሥጋውን እየበተነች፣ ዱባውን እያፈረጠች ዞረች። ሻምበል ጆሮውን አነሳ። የፊት እግሩን ዘረጋ፤ እየተንገዳገደ ተነሳና መጥቶ ፊቷ ቁጭ አለ። ዓይኑ እጇ ላይ ነው። በሩን አላየም።

ፈትሻ ጨረሰች። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ያወጣ ነበር፤ እሷ ግን አልቻለችም። ከዳር ጀምራ እንደገና ፈተሸችው፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በዚህ ጓሮ የሰጠችውን እየፈለገች። ሻምበል ምራቁ እየወረደ ጠበቃት።

«አየሁት አባዬ» አለች። «ምንም የለበትም።»

ከዚያ እጇን አወጣች።